አልቀልም ያለው ብስክሌት

እሑድ ጠዋት ነው። ፋርማሲስቷ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆማ ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ትጠብቃለች። ባሏ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ከዚያ ቀና ብሎ ኪሶቹን ይፈትሻል። ሳንቲም ካገኘ ያወጣል፤ ቁልፍ ካገኘ ያወጣል፤ መሐረቡን ዘርግቶ ትንሽ ያመነታና እሱንም ያወጣል። ሙዝ ይልጥና ግማሹን በልቶ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል።

"ጨርሰው እንጂ" ትለዋለች።

"ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ የሚጭን የለም።"

"ትናንት ማታ የጫንከውስ?"

"እሱ ታሪክ ነው" ይላል። ብስክሌቱን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ለመውጣት ይሞክራል፤ አይሆንለትም፤ እንደማንም ሰው በእጁ ይዞ ይወጣል።

መንገዱ ከደጃፋቸው ተነሥቶ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ይሄድና ላውንደሪው ጥግ ላይ ይታጠፋል። ሐኪሙ መሐል ላይ ሲደርስ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ፔዳሉን ቆሞ ይረግጣል። ላውንደሪው ጥግ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል። አንድ እግሩን የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ጀርባው እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ዞሮ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ያያል። እሷ እጇን ታነሣለች። እሱም የቆመው ለሰላምታ እንጂ ለትንፋሽ እንዳልሆነ ሁሉ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እጁን አውለብልቦ ይታጠፋል።

ማንቆርቆሪያው ሁልጊዜ የሚፈላው ከዚህ በኋላ ነው።

የክብደት ነገር የጀመረው በፎቶግራፍ ነው። ሐኪሙ እሑድ እሑድ አብሯቸው የሚወጣ ጓደኞች አሉት። አንደኛው ጡረታ የወጣ አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ካፒቴኑ ይሉታል። ሌላው ጠበቃ ነው። የቀሩትም እንዲሁ ፀጉራቸው የሳሳ፣ ካልሲያቸው የደመቀ ሰዎች ናቸው። ኮረብታው አናት ላይ እስካለው የውሃ ታንከር ድረስ ይወጣሉ፤ እዚያ ታንከሩን ተደግፈው ፎቶ ይነሣሉ። ካፒቴኑ ያወጣው ደንብ አለ፦ መጨረሻ የደረሰ ሰው ፎቶ አንሺ ይሆናል።

ሐኪሙ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። በመሆኑም ከዚያ ሁሉ እሑድ ፎቶ አንዱ ላይ እንኳ የለም። ከፎቶዎቹ አንዱን አሳጥቦ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ታካሚዎቹ አፋቸውን ከፍተው ወንበሩ ላይ እንደተንጋለሉ በዓይናቸው ይፈልጉትና አፋቸው ነጻ ሲወጣ "ዶክተር፣ እርስዎ የቱ ነዎት?" ይሉታል። "ያነሣኋቸው እኔ ነኝ" ይላል። እናቱም አብረዋቸው ይኖራሉና ፎቶውን ባሳያቸው ቀን መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ "ይሄ ሁሉ የሰው ልጅ ነው፤ የኔ ልጅ የታለ?" አሉት።

ያቺ የእናቱ ቃል ናት የነካችው። "ሃምሳ ሳይሞላኝ አንድ ፎቶ ውስጥ እገባለሁ" አለ። ለሃምሳ ዓመቱ የቀረው ጥቂት ወር ነበር። ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና፣ ጥፋቱ የእግሩ ሳይሆን የብስክሌቱ ክብደት መሆኑን ለራሱ አስረድቶ ራሱን አሳመነ።

መጀመሪያ ኮርቻው ተለወጠ። አዲሱ ከካርቦን የተሠራ፣ እንደ ማንኪያ የሳሳ ነበር። አሮጌውንና አዲሱን ወጥ ቤቱ ሚዛን ላይ ተራ በተራ አስቀምጦ ልዩነቱን በኩራት ለእናቱ ነገራቸው።

"በእንቁላል ስንት ነው?" አሉ እናቱ። ግራም የሚባለውን ነገር አያምኑበትም።

"ሦስት እንቁላል ይሆናል።"

"ለሦስት እንቁላል ብለህ መቀመጫህን ልታቆስል?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከኮርቻው ቀጥሎ መሪው፣ ከመሪው ቀጥሎ ፔዳሎቹ ተለወጡ። ብሎኖቹ በታይታኒየም ተተኩ፤ የእነሱ ቅናሽ አንድ እንቁላል እንኳ አልሞላም፤ እናቱ "ይሄ አስኳሉ ነው" ብለው አለፉት። ቸርኬዎቹ ሲለወጡማ ግማሽ ደርዘን አለፈ፤ የዚያን ዕለት ሐኪሙ እየዘፈነ ገላውን ታጠበ። ሳሎኑ የዕቃ ማከማቻ ሆነ። ባል ኮሪደሩ ጣራ ላይ ማንጠልጠያ መትቶ፣ የሻንጣ ሚዛን አስሮበት፣ ብስክሌቱን የሚሰቅልበት ቦታ አበጀ። ሚዛኑ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የሚመዘነው ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው፤ ያውም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሰንሰለቱ ተጠርጎ። "ጭቃም ክብደት ነው" ይላል።

የሚገዛው ሲያልቅ መብሳት ጀመረ። የሰው ጥርስ የሚበሳባትን ትንሽ መሰርሰሪያ ከክሊኒኩ አምጥቶ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የውሃ ኮዳ መያዣውን ወንፊት አደረገው። ጠርዙን ሞርዶ፣ ወልውሎ፣ በትንሿ የአፍ መስተዋቱ ከኋላ ከፊት አየው። ፋርማሲስቷ ሰላጣ እየቀነጠሰች አንዳንዴ ትስቃለች። ቀጥሎ የፍሬኑን እጀታ አነሣ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። መጥታ እጀታውን ከእጁ ወሰደችው።

"ፍሬኑን አትንካ" አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱም አልተከራከረም። መሰርሰሪያዋን ነቅሎ ወደ ቦርሳው መለሳት።

ባለፈው ዓመት ቁልቁለቱን ሲወርድ እርጥብ ቅጠል ላይ ተንሸራቶ ከአንገቱ ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ስልኩ የተደወለላት መድኃኒት ቤት ውስጥ ለአንድ ሕፃን ሽሮፕ ስትበጠብጥ ነው። ሰማች። ሽሮፑን በጥብጣ ጨረሰች፤ ለእናቲቱ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስረዳች፤ ከዚያ ነው ጋዎኗን ያወለቀችው። አጥንቱ ጠገነ። ስለዚያ ቀን በቤቱ ውስጥ ብዙ አይወራም።

እንግዲህ ሰው ሲፈራ ብልሃት ይፈልጋል። የፋርማሲስቷ ሐሳብ አጭር ነበር፤ ቀላል ነገር ይበርራል፤ ከባድ ነገር ይዘገያል። ባሏን "አትሂድ" ማለት አትችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ብላውም አታውቅ። "ቀስ በል" ብላው ግን ታውቃለች፤ "እሺ" ብሎ ይፈጥናል። ስለዚህ እሱ የሚያወጣውን ክብደት እሷ ብትመልሰውስ? ይህን ያሰበችው ገና ኮርቻው በተለወጠበት ሳምንት ነበር።

የሳሎኑ መጋረጃዎች አማቷ በእጃቸው የሰፏቸው ናቸው። ነፋስ እንዳያነሣቸው የታችኛው ጠርዛቸው ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ የእርሳስ ገመድ አለ፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ ጥቃቅን ፍሬዎች ተደርድረውበት እንደ ዶቃ የሚተጣጠፍ፣ ቢወዘውዙት ድምፅ የማያሰማ። ያንን ፈትታ፣ ጫፉን ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ዱቄት በሚመዘንበት ሚዛን ላይ፣ አዲሱ ኮርቻ ያስቀነሰውን ያህል ልክ እስኪሆን በመቀስ እየከረከመች መዘነችው። በምሳ ሰዓት ቤት መጥታ ስድስት ጎን ባላት ትንሽ ቁልፍ ኮርቻውን አላልታ መዘዘች። ገመዱን ኮርቻው የሚሰካበት ቱቦ ውስጥ ሰደደችው። መልሶ መጎተት ቢያስፈልግ ብላ ጫፉን ባሏ ለታካሚዎቹ በሚያድለው የጥርስ ማጽጃ ክር አሰረችው። የኮርቻው ቁመት እንዳይሳሳትባት አስቀድማ ዘንጉ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፋ ነበር።

ያን ቅዳሜ ማታ ብስክሌቱ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተሰቀለ። ሐኪሙ የሚዛኑን ቁጥር አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ።

"ልክ እንደ ዱሮው ነው" አለ።

"ምኑ?" አለች ከወጥ ቤት።

"ክብደቱ። ሦስት እንቁላል የት ገባ?"

"ጭቃ ይሆናል" አለች።

በመሪው ጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ በፔዳሎቹም። እሱ በሳምንቱ መሐል ያቀልላል፤ እሷ በምሳ ሰዓት ታከብዳለች፤ ቅዳሜ ማታ ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያንኑ ቁጥር ያያሉ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይሄ ነው። ሐኪሙ ሚዛኑን ጠረጠረና ሌላ አመጣ፤ እሱም ያንኑ ተናገረ። ብስክሌቱን ወደ መካኒኩ ወሰደው። መካኒኩ በራሱ ሚዛን መዝኖ፣ "ዶክተር፣ ሚዛን አይዋሽም። እርስዎ ገና ከባድ ዕቃ ላይ ነዎት" አለና ከሁሉም የቀለለ የማርሽ ጥርስ ሸጠለት። ፕላስተሩንም ያየው መካኒኩ ነው።

"ይቺን ፕላስተር ማን ለጠፋት?" አለ ሐኪሙ ማታ።

"ተጭሮ ነበር" አለች። እንደ ፋርማሲስት ያሰበችው መልስ መሆኑ ነው።

አማቷ የደረሱባት በፔዳሎቹ ሳምንት ነበር። ከሰዓት በኋላ ተኝተዋል ብላ ኮርቻውን ጉልበቶቿ መሐል ይዛ ገመዱን ስትሰድ፣ በሩ ላይ ቆመው አየቻቸው። እጅ ከፍንጅ ተያዘች። አማቷ በአገጫቸው ወደ ሳሎኑ መስኮት ጠቆሙ።

"መጋረጃዬ ሰሞኑን እንደ ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለበው ለካ ባለቤት አለው።"

"እማማ፣ እነግርዎታለሁ..."

"ምን ትነግሪኛለሽ። ዓይን አለኝ።" ወደ ገመዱ ጎንበስ አሉ። "ይከብዳል?"

"ትንሽ።"

"እንዲዘገይ ነው?"

"እንዲዘገይ ነው።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስክትጨርስ አዩአት። ከዚያ መጋረጃውን ከነማንጠልጠያው አውርደው፣ የተተረተረውን ጠርዝ እንዳይታወቅ መስፋት ጀመሩ። መርፌው ውስጥ ክሩን እያስገቡ፣ "አባቱ ከቤት ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አላየኝም" አሉ። "እግሩ ቀላል ነበር።" ክሩ ገባላቸው። ጠርዙን አጥፈው መስፋታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለት ሆነ። ምራት ታወጣለች፣ አማት ይሰፋሉ። መጋረጃዎቹ ውስጥ ያለው እርሳስ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ብስክሌቱ ፈለሰ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መጋረጃዎቹ ተነሥተው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጋዜጣ ይገልጡታል። አንድ ቀን ራት ላይ መጋረጃው መጥቶ ሐኪሙን ፊቱን ሸፈነው። ገለል አድርጎት መብላቱን ቀጠለ።

"መጋረጃው ምን ነካው?" አለ።

"ቀለለ" አሉ እናቱ፣ ወደ ሳህናቸው እያዩ። "ዘንድሮ ሁሉም ነገር እየቀለለ ነው፤ ካንተ ብስክሌት በቀር።"

ፋርማሲስቷ ውሃ ትን አላት።

ፀሐይ በሞላበት አንድ ቅዳሜ፣ ሐኪሙ ገና ከክሊኒክ ሳይመለስ፣ ካፒቴኑ የተዋሰውን የጎማ መንፊያ ሊመልስ መጣ። ሻይ ቀረበለት። አማቷ እዚያው ሶፋው ላይ ጉልበታቸው ላይ መጋረጃ ዘርግተው ይሰፋሉ።

"ዶክተሩ እንዴት ነው?" አለ ካፒቴኑ። "ቀለለለት?"

"እየሞከረ ነው።"

"ይሞክር። ዳገቱ ላይ እንጠብቀዋለን፤ ጋዜጣ ብንይዝ አንብበን እንጨርስ ነበር።" ሻዩን ፉት አለ። "ቁልቁለቱ ላይ ግን እህቴ፣ ያንቺን ባል የሚይዘው የለም።"

"እንዴት?"

"ድንጋይ ነው። እኔ ፔዳል እየረገጥኩ፣ እሱ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ያልፈኛል። እልፍ ሲል ደግሞ 'ደህና ዋሉ' ይለኛል።"

ፋርማሲስቷ የስኳር ዕቃውን ወደ እሱ ገፋች። ቀድሞ ተገፍቶ ነበር።

"ከባድ ነገር ይዘገያል ብዬ ነበር የማስበው" አለች።

"ሽቅብ ነው እንጂ። ቁልቁል እኮ የሚያዘገይሽ አየሩ ነው። ቀላሉን አየር ይይዘዋል፤ ከባዱ አየሩን ሰንጥቆ ይሄዳል። እኔ አውሮፕላኑን ጭነት ሞልቼ ስወርድ ነበር ማቆም የሚጨንቀኝ። የባልሽ አወራረድ ደግሞ ጭነት የያዘ አወራረድ ነው፤ እንዲያው ከልብሽ ምን እያበላሽው ነው?"

አማቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

"ግማሽ ሙዝ" አሉ።

ካፒቴኑ ከሄደ በኋላ ፋርማሲስቷ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሳታነሣ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት ፊዚክስ ተምራለች። የአየር መቋቋምን፣ ክብደትን፣ ቁልቁለትን የሚመለከት ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሳለች፤ ውጤቷም ጥሩ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ማንም አልጠየቃትም። ሐሳቧ ሁሉ ዳገቱ ላይ ነበር፤ መስኮቱ የሚያሳያት ዳገቱን ነው። እዚያ ሲዘገይ አየችና ልቧ ረካ። ቁልቁለቱ ከጥጉ ወዲያ ነው፤ አይታይም።

"እማማ፣ ይነሡ" አለች።

"ምን ሆንሽ?"

"እናውጣው። ሳይመጣ እናውጣው።"

ብስክሌቱን ከማንጠልጠያው አወረዱት። ኮርቻው ተነቀለ። የመጀመሪያውን ገመድ ክሩን ይዛ ሳበችው፤ መጣ። ሁለተኛውም መጣ። ሦስተኛው ላይ ክሩ ተበጠሰ፤ የተቀሩት ሁሉ ከሥሩ ነበሩ። የጥርስ ማጽጃ ክር ለጥርስ እንጂ ለእርሳስ አልተሠራም። አማቷ የኪሮሽ መርፌያቸውን አመጡ። አልደረሰም። የእንጨት ማማሰያ አመጡ፤ ወፍሮ አልገባም።

"ገልብጪው" አሉ በመጨረሻ። "ዕቃ የሚወጣው ሲገለበጥ ነው።"

ስለዚህ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲገባ ያየው ይሄን ነው፦ ሚስቱ የፊት ጎማውን፣ እናቱ የኋላ ጎማውን ይዘው፣ ብስክሌቱን ራሱን ወደ ታች ደፍተው በኃይል ይወዘውዙታል።

በሩ ላይ ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ።

"ምን እያደረጋችሁት ነው?" አለ በቀስታ።

"እያስታወክነው ነው" አሉ እናቱ።

በዚያው ቅጽበት የተቀረው ገመድ ሁሉ ተያይዞ ወረደ። መሬቱ ላይ ተጠቅልሎ፣ ተጠቅልሎ፣ የመጨረሻው ጫፍ ዱብ አለ። መስኮቱ ክፍት ነበርና ነፋስ ገብቶ መጋረጃውን እስከ ጣራው አነሣው። ሐኪሙ ገመዱን አየ። መጋረጃውን አየ። እንደገና ገመዱን አየ።

"መጋረጃው" አለ።

"መጋረጃው" አለች ሚስቱ።

ቦርሳውን አስቀመጠ። ገመዱን ከመሬት ሰብስቦ፣ እንደ ክርክር ማስረጃ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፤ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ሁለቱ ሴቶች ተከተሉት። ቁጥሩን ያውቀዋል። በየሳምንቱ በልቡ ሲደምረው የኖረ ቁጥር ነው፤ ኮርቻው፣ መሪው፣ ፔዳሎቹ፣ ቸርኬዎቹ፣ አስኳሉ ሳይቀር።

"አንድ ግራም አልተሳሳትሽም" አለ።

"ሥራዬ ነው።"

"ትንሽ ብትሳሳቺ እኮ አልጨነቅም ነበር። ቁጥሩ ሁልጊዜ ልክ ያው ሲሆን ነው እንቅልፍ ያጣሁት። አብጃለሁ ብዬ ነበር።" ዞሮ አያት። "ለምን?"

እጆቿን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። አልረጠቡም ነበር።

"እንድትዘገይ።"

"እኔ? ከዚህ በላይ?"

"ዳገቱን አይደለም።" ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችው። "ቁልቁለቱን ነበር። ካፒቴኑ አሁን ነግሮኝ ሄደ፤ ለካ ያፈጠንኩህ እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ወር እየገፋሁህ ነበር።"

ሐኪሙ ሳይታወቀው እጁ ወደ ተሰበረችው አጥንት ሄደ፤ በልብሱ ላይ ዳሰሳት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ገመዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ።

"ቆይ" አለ። "ይሄ በእንቁላል ስንት ነው?"

"ሁለት ደርዘን" አሉ እናቱ። አስቀድመው አስልተውታል።

"ሁለት ደርዘን እንቁላል ተሸክሜ ነው ጠበቃውን እስከ መጨረሻው መታጠፊያ የተከተልኩት?"

"እኔ እንጃ፤ አላየሁህም" አለች ሚስቱ።

"ተከትዬዋለሁ። ጀርባው ይታየኝ ነበር።" ተነሣ። "ከነእንቁላሉ።"

"በቃ፣ አሁን ደግሞ ጀግና ሆነ" አሉ እናቱ። ወደ ሳሎን ተመልሰው መርፌያቸውን ፈለጉ።

ሐኪሙ ሳቀ፤ መጀመሪያ ብቻውን፣ ኋላ እሷም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ገመዱን ከሚዛኑ አንሥታ ለአማቷ ልታቀብል ስትል እጇን ያዘ።

"ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ እወርዳለሁ" አለ። "ከላይ እስከ ታች።"

"እሺ ብለህ ትፈጥናለህ።"

"ካፒቴኑን ጠይቂው። እሱ ለማንም አያደላም።"

"ፍሬኑ መቼም አልተበሳም" አለች።

በማግስቱ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ስልኩን ገና በሩ ላይ ዘርግቶ ነበር። ጠበቃው ያነሣው ፎቶ ነው። ጠበቃው ፎቶ አንሥቶ አያውቅምና የአውራ ጣቱ ግማሽ አብሮ ተነሥቷል። ታንከሩ ተንጋዷል። ሰዎቹ ተደርድረዋል። ከዳር፣ ከአውራ ጣቱ አጠገብ፣ አንድ ጆሮው የተሸፈነ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ አፉን ታካሚ ወንበር ላይ እንዳለ ሰው የከፈተ አንድ ሰው አለ።

እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ይሄ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ለዚህ ነው መጋረጃዬን የፈታችሁት?" አሉና፣ ከአፍታ በኋላ፣ "ስጠኝ፣ እንደገና ልየው" አሉ።

ፎቶው ታጥቦ አንዱ ክሊኒኩ፣ አንዱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ። ካፒቴኑም ሲጠየቅ ምስክርነቱን ሰጠ። "ቁልቁለቱን? እንቁላል የተሸከመ ይመስል ነው የወረደው። ታች ቆመን ጠበቅነው" አለ። ለምን ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ እንደሳቁ ግን አልገባውም።

አማቷ እርሳሱን ወደየጠርዙ መልሰው ሰፉት፤ መጋረጃዎቹ ቀጥ ብለው ወረዱ፣ ነፋሱም ተዋቸው። ቅዳሜ ማታ ብስክሌቱ ተመዘነ፤ ቁጥሩ ወረደ። ሐኪሙ ግን የጠበቀውን ያህል አልጨፈረም። ለነገሩ የሚገዛው ዕቃ አልቆበታል።

ቀጥሎ ያለው እሑድ ጠዋት እንደ ሌላው እሑድ ነበር። ፋርማሲስቷ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ሐኪሙ ኪሶቹን ባዶ አደረገ፤ ግማሽ ሙዝ በላ። ብስክሌቱን በሁለት ጣት አንጠለጠለው፤ ዛሬ ሆነለት፤ እንድታየው በሩ ላይ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ወጣ።

መንገዱ መሐል ላይ ሲደርስ ከኮርቻው አልተነሣም። ተቀምጦ ነው የሚወጣው። ላውንደሪው ጥግ ደረሰ። እሷ እጇን ከፍ አደረገች። እግሩ መሬት አልነካም፤ ጎማው እንደመጣ ሄደ፤ ጀርባው ታጠፈና ጠፋ።

"ዞረ?" አሉ አማቷ ከኋላዋ። መምጣታቸውን አልሰማችም ነበር።

"አላስፈለገውም" አለች።

እጇን አወረደች። ማንቆርቆሪያው ገና አልፈላም ነበር።

አሁን ብስክሌቱ ቀሏል፤ መጋረጃው ተሰፍቷል፤ ፎቶውም ላይ ሰውዬው አለ። ላውንደሪው ጥግ ላይ ቆሞ ወደ መስኮቱ የሚዞር ሰው የለም።